የማኅበራዊ ሠራተኛዋ መነጽር

ማኅበራዊ ሠራተኛዋን ከደረጃው ግርጌ ወድቃ ያገኘቻት ተለማማጇ ነበረች። ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲ ለተግባር ልምምድ ወደዚህ የአረጋውያን መርጃ ድርጅት ስትላክ፣ እጇን ይዛ ሥራውን ያስተማረቻት ይህችው ሴት ናት። አሁን አንገቷ ተጣሞ፣ መነጽሯ ዓይኗ ላይ እንዳለ፣ ትንፋሿ ቆሟል። ልጅቷ እሪ አለች።

ያን ጠዋት ከአረጋውያኑና ከሟቿ በቀር በቤቱ የነበሩት ሥራ አስኪያጁ፣ ነርሷና ተለማማጇ ብቻ ነበሩ። መርማሪዋ፣ ድምጿ ዝግ ያለ ሴት፣ በየተራ ጠራቻቸው።

«ትናንት ከሟቿ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ» አለቻት ልጅቷን።

«ተቆጥተውኝ ነው። አንድ አባባ ፊታቸው አብጦ እያየሁ ዝም ስላልኩ።»

«ማን መታቸው?»

«አይናገሩም። እኔም መጠየቅ ፈራሁ።»

«ሟቿ መነጽር ሁልጊዜ ያደርጋሉ?»

«ሲያነቡ ብቻ። ሲራመዱ ያዞረኛል ብለው ያወልቁታል። ደረጃ ላይማ በጭራሽ!»

ነርሷም እንባዋን እየጠረገች ያንኑ መሰከረች። «ስንት ዘመን አብረን ወጥተን ወርደናል! መነጽር አድርጋ አንድም ቀን አልወረደችም።»

ሥራ አስኪያጁ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «እኔ ያለ መነጽር አይቻት አላውቅም» አለ። «ይልቅ ያቺን ተማሪ ጠይቂያት፤ ቂም ይዛባታለች።»

መርማሪዋ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ተለማማጇ እጆቿን ጭኗ መሀል ቀበረች፤ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ የያዘው ካቴና ለእሷ የመጣ መሰላት።

«ከደረጃ የተንከባለለ ሰው መነጽሩ ይፈናጠራል» አለች መርማሪዋ። «የሟቿ ግን ጭረት እንኳ የለውም። ከወደቁ በኋላ ሰው አድርጎላቸዋል ማለት ነው። ለምን? መነጽሩ ተረስቶ የቀረበት ቦታ ገፊውን ስለሚያጋልጥ። ተለማማጇ ወይም ነርሷ ብትሆን በሟቿ ቦርሳ ውስጥ በከተተችው፤ ሟቿ ሲራመዱ እንደማያደርጉት ሁለቱም ያውቃሉ። ዓይናቸው ላይ የሚሰካው፣ ያለ መነጽር አይቷቸው የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረች። «እርስዎ የሚያይዋቸው ቢሮዎ ገብተው ሲያነቡ ብቻ ነበር።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?»

«የመነጽሩ መስተዋት ላይ የአውራ ጣትዎ አሻራ አለ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሽማግሌውን መምታቴን ለፖሊስ እናገራለሁ አለችኝ። መነጽሯን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ በቁጣ ወጣች። ተከትያት... ገፋ ነው ያደረግኋት! ገፋ ብቻ!»

መርማሪዋና ፖሊሱ ይዘውት ሲወጡ ልጅቷ ወደ አባባ ክፍል ሄደች። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል።

«አባባ፣ የመታዎትን ሰውዬ ወሰዱት።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «እሷስ? ዛሬ አልመጣችም?»

ልጅቷ ከመርማሪዋ ጥያቄ ሁሉ ይልቅ ይህን ፈራች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘችና ነገረቻቸው።