ግድግዳ ዓይን የለውም

ባሲሊያና ሴቬሮን ያስተዋወቃቸው አንድ ሆዳም ላማ ነው።

ባሲሊያ የአባቷን ቅጠል ብርድ ልብስ ላይ አስጥታ ዞር ከማለቷ፣ ከላይኛው ግጦሽ የወረደ ነጭ ላማ ግማሹን ጠርጎ በላው። ባለቤቱ እያለከለከ ደረሰ።

«የማን ላማ ነው ይሄ? የሰው መድኃኒት በላ እኮ!»

«የኔ ነው... ይሞት ይሆን?»

«የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው። እሱ አይሞትም፤ ከኋላው የሚሄድ ሰው ግን ይጠንቀቅ።»

ሴቬሮ ሳቀ። ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል። ባሲሊያ ያን የጠፋ ዓይን ስትፈልግ ሁለት ወር አለፈ።

አባቷ ዶን ኢላሪዮን ካያዋያ ናቸው፤ እንደ አባቶቻቸው የመድኃኒት ቦርሳ አንግተው፣ ተራራ እየተሻገሩ ሕመምተኛ የሚያክሙ። የቦርሳው ዕውቀት ለወንድ ልጅ ወይም ለአማች እንጂ ለሴት አይሰጥም። ምስጢር ሰርቆ የተያዘም መንደሩን ለቆ ይሄዳል። ወንድሟ ኒካኖር ሁሉን ተምሮ ሲያበቃ ላፓዝ ከተማ ገብቶ ሚኒባስ መንዳት ጀመረ። እሱ ሲማር ግን ከጭቃው ግድግዳ ጀርባ ድንች እየላጠች፣ አንዲት ቃል ሳታመልጣት የያዘች ነበረች። ማን እንደሆነች መገመት አይከብድም።

ሴቬሮ «ልጅዎን ይስጡኝ» ብሎ ሲመጣ ዶን ኢላሪዮን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አስተምርሃለሁ። ከድንች አዝመራ በኋላ ሽማግሌዎቹ ፊት ዓይንህ ታስሮ በአፍንጫና በምላስ ትፈተናለህ። ካለፍክ ቦርሳውም ልጅቷም ያንተ ናቸው።»

ነገር ግን አስተማሪው ዘገምተኛ ነበሩ፤ በሳምንት አንድ ቅጠል።

«በዚህ አያያዝ ጥርሳችን አልቆ ነው የምንጋባው» አለች ባሲሊያ። ሴቬሮን ከበጎች በረት ጀርባ ወስዳ፣ የሰማችውን ሁሉ ትግተው ጀመር።

«አሽትት። ምን ይሸትሃል?»

«ፀጉርሽ።»

«እሱ መድኃኒት አይደለም፤ በሽታ ነው።»

«እንግዲያው ታምሜያለሁ።»

እንዲህ እየተባባሉ አዝመራው ደረሰ።

በፈተናው ቀን ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሴቬሮ ዓይኑን ታስሮ አሥራ አንድ ቅጠል ጠራ፤ አንዱንም አልሳተ። ባሲሊያ ከሴቶቹ መሐል ሆና በልቧ ሠርጓን መጨፈር ጀምራ ነበር።

አሥራ ሁለተኛዋ ከበረዶው ሥር የምትበቅል፣ ፀጉራም ቅጠል ናት። ሴቬሮ አሸተታት፤ ፈገግ አለ።

«ለሚያስል ሕፃን ናት።»

«ስንት ቅጠል?» አሉ ዶን ኢላሪዮን።

«ሦስት።»

ዶን ኢላሪዮን የታሰረበትን ጨርቅ በገዛ እጃቸው ፈቱት።

«ይህችን አላስተማርኩህም። አላውቃትም ብትል አልፈህ ነበር። በሦስት ቅጠል ሕፃኑ አይነጋለትም። ኒካኖርን ሳስተምር ሰው ቢሰማስ ብዬ በአፌ ሦስት እያልኩ በጣቴ አንድ ነው ያሳየሁት። ግድግዳ ጆሮ አለው፤ ዓይን ግን የለውም። ማነው የሰረቀው?»

ሴቬሮ ባሲሊያን አያት። ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ነቀነቀ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው።

«እኔ ነኝ፣ ዶን ኢላሪዮን። ከግድግዳዎ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ» አለ።

በምላሷ መንደሩን የምታምሰው፣ ለካህኑ እንኳ መልስ የማታጣው ባሲሊያ፣ ያን ቀን ዓይኗን ከሱ ላይ አነሣች። ብትናገር የምትባረረው እሷ ናት። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። አንዲቱ ቃል ሳትወጣ፣ ሴቬሮ ጉልበቱን አራግፎ ተነሣ፤ በበነጋው በወርቅ ፈላጊዎች ካሚዮን ወደ ቆላው ወረደ።

በሦስተኛው ቀን አባቷ እግር ላይ ወደቀች።

«ታታ፣ የሰረቅኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ያ ግድግዳ ስንት ዓመት ሲያስነጥስ ሰምቻለሁ።»

«አውቀህ ነው ያባረርከው?»

«አንቺን እየጠበቅኩ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ። «መድኃኒተኛ የሳተውን በሰው ፊት ካላመነ ሰው ይገድላል። ብትናገሪ ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ ቢጮሁም ቦርሳውን ለሁለታችሁ ልሰጥ ነበር። እሱ ላንቺ ሲል ዋሸ። አንቺ ለራስሽ ስትይ ዝም አልሽ።»

በካሚዮን ሹፌሮች ሦስት ጊዜ ላከችበት። ሁለቱ አላገኘነውም አሉ። ሦስተኛው መልስ ሳያመጣ፣ ዓይኗን ሳያይ ከእሷ ቅጠል ገዝቶ ሄደ። እሷም የደበቃትን አልጠየቀችውም።

አባቷ ጉልበታቸው ሲደክም ቦርሳውን ለእሷ ሰጧት። ሴት ተራራ ስትሻገር አይቶ የማያውቅ ሁሉ ጉድ አለ። ለምታስተምራቸው ልጃገረዶች በአፏም በጣቷም «አንድ» ትላለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ በር ከፍታ።

ነጩ ላማ ቀርቷል። ሴቬሮ በሄደበት ጠዋት ደጃፏ ላይ ታስሮ ነው ያገኘችው። አርጅቷል፤ ሆዳምነቱ ግን እንዳለ ነው። ቅጠል ስታሰጣ እየተንፏቀቀ መጥቶ ይበላባታል። አታባርረውም።

ወደ ላይኛው ግጦሽ ዞራ፣ ጮክ ብላ፣ «የማን ላማ ነው ይሄ?» ትላለች።

ከዚያ ትንሽ ትጠብቃለች።