ዴንዚል ሰው ሲቀጥር

«ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?» አለ ረዳት ሆኖ ሊቀጠር የመጣው የመጀመሪያው ሰውዬ፣ ታምሲንን እያየ።

ታምሲን መልስ ከመስጠቷ በፊት አባቷ ዴንዚል ጉሮሮውን ጠረገ። ለዕለቱ ብሎ ያወጣውን አበባ አበባ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከጠረጴዛው ማዶ በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ የከዳኝ እግሬ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። እኔኑ ጠይቀኝ» አለው።

ሰውየው ፊቱ ቀላ። ቀጣዩን ጥያቄውን ግን አሁንም ለታምሲን አቀረበ። ዴንዚል በአንድ ዓይኑ ጠቀሳት፤ ታምሲንም ሳቋን በሻይ ኩባያዋ ሸፈነች።

ዴንዚል ኒውሊን በምትባለው የወደብ ከተማ፣ በባሕር ዳርቻው መንገድ ላይ ለዓመታት አውቶቡስ ነድቷል። የነርቭ ሕመም እግሮቹን ካደከመበት ወዲህ ግን ከቤት የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው። ሚስቱ ፓስቲ የሚባል ሥጋና ድንች የተሞላ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ስለምትሠራ ጎሕ ሳይቀድ ትወጣለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እሱን ከአልጋ ደግፎ ማንሣት፣ ማልበስና ቁርስ ማቅረብ የአሥራ አራት ዓመቷ የታምሲን ሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድም ያው ነው። ጓደኞቿ «ነይ እንውጣ» ማለት ከተዉ ቆይተዋል።

ባለፈው ወር ከማዘጋጃ ቤቱ አንዲት የማኅበራዊ እንክብካቤ ባለሙያ መጥታ ነበር። ሚስ ፔንሮዝ ትባላለች። ዴንዚልን «ምን አቃተዎት?» አላለችውም። «ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?» ነበር ያለችው። እሱም «ወደብ ወርጄ ዓሣ ማጥመድ፣ ከዚያ ስለ ዓሣው ትልቅነት መዋሸት» ብሎ አሳቃት። ሚስ ፔንሮዝ አማራጮቹን አንድ በአንድ አስረዳች። ለመታጠቢያ ቤቱ የእጅ መደገፊያ፣ ለደጁ ደረጃ ተዳፋት መወጣጫ ይሠራል። ጠዋት ጠዋት ረዳት ከድርጅት ሊላክ ይችላል። ሰዎች ቀን ቀን ተሰባስበው የሚውሉበት ማዕከልም አለ። ካልሆነም ማዘጋጃ ቤቱ ገንዘቡን ለዴንዚል ይሰጠውና የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይቀጥራል።

«ራሴ ልቅጠር» አለ ዴንዚል ወዲያው። «ዕድሜዬን ሙሉ አለቃ ነበረብኝ፤ እስቲ አሁን ደግሞ እኔ አለቃ ልሁን።»

ታምሲንን የአመልካቾቹ ፈታኝ ያደረጋትም እሱ ነው።

ሁለተኛዋ አመልካች ደግ ሴት ነበሩ። ደግነታቸው ግን በዛ። የዴንዚልን ጉንጭ እየዳበሱ «ምስኪን! ምስኪን!» አሉ። ሲወጡ ዴንዚል በረጅሙ ተነፈሰ። «ሞቼ የተለቀሰልኝ መሰለኝ እኮ» አለ።

ሦስተኛዋ ዘግይታ፣ በዝናብ በስብሳ ደረሰች። ኬረንዛ ትባላለች። ዓሣ ገበያ ውስጥ ሣጥን ስታነሣ የኖረች፣ ትከሻዋ የሰፋ ወጣት ናት።

«ይቅርታ፣ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ» አለች።

«እኔ ብነዳው ኖሮ እጠብቅሽ ነበር» አለ ዴንዚል። «ሻይ ታፈያለሽ?»

«አፈላለሁ። ግን አይጠጣም። እርስዎስ ያፈላሉ?»

«አንተ በይኝ። አዎ፣ ማንቆርቆሪያውን ካቀረቡልኝ አፈላለሁ።»

«እንግዲያው ሻይ ያንተ፣ ሸክም የእኔ» አለች ኬረንዛ።

ዴንዚል እያንዳንዱን አመልካች ካልሲ እንዲያጠልቅለት ይጠይቅ ነበር። ግራ እግሩ አመለኛ ነው፤ ሲነኩት በድንገት ይፈናጠራል። ዘዴውን ከእሱ ሌላ የምታውቀው ታምሲን ብቻ ናት፤ ተረከዙን ይዞ እስኪረጋ መጠበቅ ነው። ኬረንዛ ጎንበስ ስትል እግሩ አገጯን መታት። ከዚያ ኬረንዛ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች። «እሺ፣ ተሸንፌያለሁ። እንዴት ነው የሚወደው? አስተምረኝ።»

ዴንዚል አስተማራት። ሁለቱም እየሳቁ ነበር። ታምሲን ግን አልሳቀችም። ሌላኛውን ካልሲ በእጇ ጨብጣ ያዘችው።

«አሪፍ ናት፣ አይደል?» አለ አባቷ፣ ኬረንዛ ወጥታ በሩ ሲዘጋ።

«አልወደድኳትም።»

«ለምን?»

«ዘግይታ ነው የመጣችው። ደግሞ… በቃ፣ አልወደድኳትም።»

ዴንዚል በእጇ የጨበጠችውን ካልሲ አየ። ነገሩ እንደገባው ታምሲን አወቀች። «ቅዳሜ አንድ ቀን እንሞክራት» አለ። «ከዚያ በኋላም እንቢ ካልሽ፣ እንቢ ነው። ቃሌ ነው።»

ቅዳሜ ሰማዩ ጠራ። ሦስቱም ወደ ወደቡ ወረዱ። ዓሣ የሚጠመድበት ግንብ ላይ ለመድረስ አንዲት አጭር ዳገት አለች። ታምሲን እንደ ልማዷ የወንበሩን እጀታ ልትይዝ ስትል ኬረንዛ ቀደመቻት። የቀደመቻት ግን በመግፋት አይደለም።

«ልግፋህ ወይስ ትወጣዋለህ?» አለችው።

ዴንዚል ዳገቱን አየው። «እስቲ ልሞክረው።»

ታምሲን ደነገጠች። እሷ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም፤ ዝም ብላ ነበር የምትገፋው። አባቷ እያለከለከ፣ እየተራገመ፣ ጎማውን በእጁ እያሽከረከረ ወጣ። መረብ ሲጠግኑ የነበሩ ሽማግሌዎች አጨበጨቡለት። «ዴንዚል! ትኬት ስንት ነው?» አለ አንዱ። «ለአንተ እጥፍ ነው!» ብሎ መለሰ።

ብዙም ሳይቆይ የመንጠቆዎቹ ገመድ ተወጠረ። ዴንዚል ጮኸ። ኬረንዛ ወገቡን ደግፋ ያዘችው፤ እሱም ሳበ። ሁለት የሚያብረቀርቁ ዓሦች እየተወራጩ ወጡና አንደኛው ኬረንዛን በጥፊ አላት።

«አንተም ዓሣህም ተደባዳቢዎች ናችሁ!» ብላ ጮኸች።

ታምሲን ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ምን ያህል ጊዜ ሆናት? ሳቁ ሲበርድላት እጆቿን አየች። ወንበር አልያዙም፣ ብርድ ልብስ አልያዙም፣ ኩባያም አልያዙም። የት እንደምታደርጋቸው ግራ ገባትና ኪሷ ውስጥ ከተተቻቸው። ደስ የሚልም የሚያስፈራም ነገር ነበረው።

ኬረንዛ ዓሣ ከሚጠበስበት ሱቅ የተጠበሰ ድንች ልትገዛ ስትሄድ አባትና ልጅ ለብቻቸው ቀሩ።

«እህስ፣ ዳኛዋ?» አለ ዴንዚል፣ ባሕሩን እያየ።

«አባዬ፣ እሷ ጠዋት ጠዋት ከመጣች… እኔ ምን ልሠራ ነው?»

«ልጄ ትሆኛለሽ። እሱን ማንም በቅጥር አይሠራልኝም።»

ታምሲን ዓይኖቿን በእጅጌዋ ጠረገች። «አቦ አባዬ! ሰው ፊት አታስለቅሰኝ።»

«ማን አለ? ዓሦቹ ናቸው ያሉት።»

ከሱቁ በር ኬረንዛ ሦስት የወረቀት ጥቅል ታቅፋ ስትወጣ ታየች።

«ቅጠራት» አለች ታምሲን።

«እርግጠኛ ነሽ? ቅዳሜሽ ባዶ ሊሆን ነው እኮ። ምን ታደርጊበታለሽ?»

«አላውቅም» አለች። «ፈልጌ አገኝለታለሁ።»

የድርሻዋን ድንች ከኬረንዛ ተቀበለችና ግንቡን ይዛ ለብቻዋ መሄድ ጀመረች። ከኋላዋ አባቷ ስለ ዓሣው ትልቅነት ሲዋሽ ይሰማታል። ዞር አለችና እጇን አውለበለበችላቸው፤ ከዚያ መንገዷን ቀጠለች።