ዘይት ያልወጣው አስኳል

ካስሙሪ ከቁርስ ትሪው አጠገብ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ከንፈሩ አብጦ የሌላ ሰው ከንፈር መስሏል። በኢንዶኔዥያዋ ብሬብስ ከተማ ዳክዬ ሲያረባ፣ እንቁላሉን በጨው እየዘፈዘፈ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው፤ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የሚበላውን የሚለየው በጣቱ ነበር።

ሳጅን ዋርሲታ ሲደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው። «ሁለተኛዋ ሚስቱ ናት! መርዛዋለች፤ እሰራት!» ዋርሲታ አልፏቸው ገባ። ሹመት በታደለ ቁጥር ስሙ የሚዘለል ሰው፣ የሰው ፍርድ ምን ያህል እንደሚረክስ ያውቃል።

«ምን አቀረብሽለት?» አላት ታርሲናን፤ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ሩዝና የጨው እንቁላል፣ ጌታዬ። ከቅርጫቱ አናት አንስቼ ሰጠሁት፤ ራሱ ቆረጠው። ውሃ ልቀዳ ስወጣ ከልጁ ጋር ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ የት ነበርሽ?»

«እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም ከርሜ፣ ትናንት ማታ ነው የገባሁት።»

ከመንገዱ ማዶ ዶሮ የሚያረባው የካስሙሪ ልጅ ዳርዮኖ ጣልቃ ገባ። «ልቡ ነው ሳጅን፣ ምን ያደክምሃል? የዳክዬ እንቁላል ከዶሮው ይልቅ ስብ አለው፤ ኮሌስትሮሉማ አይጣል ነው! የዶሮ ብላ ብዬ ለምኜው ነበር።»

«ብረቱንስ፣ ቫይታሚኑንስ ለምን አትጠራም? እሱም ከዶሮው ይበልጣል» አለ የሟች ወንድም ዋስዱኪ። «ደግሞ የዶሮ እንቁላል ሲቀምስ ፊቱ እንደሚያብጥ እያወቅህ!»

«ሰበብ ነው! በሠርጌ ቀን አማቶቼ ፊት የእኔን እንቁላል እንትፍ ያለው ስላበጠ ነው?»

ዋርሲታ ትሪው ላይ አጎነበሰ። ግማሽ እንቁላል ቀርቷል። አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ ቅርፊቱን አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ግቢው ጠራቸው።

«ይሄ የዳክዬ እንቁላል አይደለም» አለ። «የዳክዬ ቅርፊት አረንጓዴነቱ አብሮት የተፈጠረ ነው። የዚህ ግን ጣቴ ላይ ቀረ፤ ተቀብቷል። የዳክዬ አስኳል ስብ ስለሚበዛው፣ ጨው ሲዘልቀው ቀይ ዘይት ያወጣል። ይሄ ደረቅ ነው። ካስሙሪን ያነቀው የዶሮ እንቁላል ነው።»

«ሚስቱ ናታ!» አለ አንዱ።

«ጨው ቅርፊት አልፎ እስኪዘልቅ ከሳምንት በላይ ይፈጃል። ሆስፒታል ወለል ላይ ተኝታ እንቁላል ልትዘፈዝፍ ነው? ይልቅ ይሄን እዩ።» ግማሹን አነሳው። «አስኳሉ ሁለት ነው። ዳክዬ እንዲመስል ትልቁ ተመረጠ፤ ትልቁ መንታ ሆኖ ተገኘ። መንታ የሚያበዙት መጣል የጀመሩ ቄቦች ናቸው። እዚህ ሰፈር ቄብ ያለው ማን ነው? ዋስዱኪ እንደሆነ ከሠርጉ ወዲህ የዳርዮኖን ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ከዚያ እንቁላል ሊያነሳ አይችልም።»

ዓይን ሁሉ ወደ ዳርዮኖ ዞረ።

«ልገድለው አልነበረም!» አለ ዳርዮኖ። «ከቅርጫቱ አናት አስቀምጬ አብልቼው፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ፊት ‹ይኸው በላኸው፣ ምን ሆንክ?› ልለው ነበር።»

«ሲያብጥስ?»

«መጀመሪያ የሚያሾፍብኝ መሰለኝ።»

«በኋላስ? ለምን አልጮህክም?»

ዳርዮኖ መሬት መሬቱን አየ። «ይቅርታ እስኪለኝ እየጠበቅሁ ነበር።»

«በተዘጋ ጉሮሮ?»

«እጁን ዘረጋልኝ» አለ ዳርዮኖ። «አልያዝኩትም።»

ዋርሲታ ካቴናውን አወጣ።