ሐዲዱ ላይ ማንም የለም

በሩን ዝጉት። ውጭ የቀረ ሰው አለ? የለም? ይሁን። መብራቱን ዝቅ አድርጉና ጠጋ በሉ።

ነገሩ የሆነው ጃፓን አገር ነው። ተራራ ሥር፣ ዋሻ አፍ ላይ በተሠራች ትንሽ የባቡር ጣቢያ። የመንደሩን ስም ተዉት፤ ሰዓቱን ግን ያዙ። ጎህ ሊቀድ ሲል ነው። ጉሙ ሐዲዱን ሲውጠው። መንፈስ በእኩለ ሌሊት ብቻ ይመጣል ያላችሁ ማነው?

ጣቢያዋን የሚጠብቅ ጌንዞ የሚባል ሰው ነበር። ብቻውን ነው። በየማለዳው አንድ የጭነት ባቡር ይመጣል። ጌንዞ አረንጓዴ ፋኖስ ካሳየው ያልፋል፤ ቀይ ካሳየው ይቆማል። ደንብም አለ። ፋኖሱን ከማሳየቱ በፊት ይወጣል፤ ነጭ ጓንት ባጠለቀ እጁ ሐዲዱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይጠቁማል፤ ጮክ ብሎም «ሐዲዱ ላይ ማንም የለም» ይላል። የሚሰማው ማነው? ማንም አይሰማውም። ዓይኑ እንዳይሰንፍ እጁና አፉ ያስገድዱታል።

አሥራ አንድ ዓመት ወጣ፣ ጠቆመ፣ ተናገረ። አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልነበረም። አንድ ቀን በረዶ ጣለ። ጌንዞ ከምድጃው አልተነሣም። ግድግዳውን ጠቆመ። «ሐዲዱ ላይ ማንም የለም» አለ። አረንጓዴውን ፋኖስ በመስኮት አወጣ።

ሰው ነበር። ሺኖ ነበረች፣ ከሰል ሻጯ። ስትሻገር እግሯ በብረቱና በእንጨቱ መሀል ተቀርቅሮ «አቶ ጌንዞ፣ ቀዩን አሳይልኝ» እያለች ትጣራ ነበር። ሰምቷታል? ነፋስ መሰለኝ ይላል፤ ለራሱ።

መርማሪዎች መጡ።

«ወጥተህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ጠቁሜ ተናግሬአለሁ። ባቡሩ ሲደርስ ራሷ ገባችበት።»

እንደዚያው ተጻፈ። ራሷን ላጠፋች ሰው ማን ይቆማል? ቀብሯ ላይ የቆመችው እናቷ ብቻ ነበረች። ከቀብሩ ወደ ጣቢያው መጣች።

«ጌታዬ፣ ከሰሏን አዝላ ነበር እኮ። ልትሞት የወጣች ሰው ከሰል ታዝላለች?»

«እማማ፣ ብርድ ነው፤ ወደ ቤትዎ ይግቡ።»

«እኔ እገባለሁ። እሷ ናት የማትገባው።»

በማግስቱ ጌንዞ ወጣ። አሁንማ በየቀኑ ይወጣል። ጠቆመ። «ሐዲዱ ላይ ማንም የለም።»

ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አለሁ» አለው።

አዳመጠ። አረንጓዴውን ፋኖስ አሳየ። ባቡሩ አለፈ።

በማግስቱ በረዶው ላይ ዱካ አየ። የአንድ እግር ብቻ። ከሐዲዱ ተነሥቶ መሳፈሪያው ላይ ወጥቷል። በማግስቱ በሩ ድረስ መጣ። በማግስቱ ደግሞ ነጭ ጓንቱን ሲያነሣ በከሰል ጠቁሮ አገኘው። አጠበው። ሲነጋ እንደገና ጠቁሯል። ማን ያጠለቀው ይመስላችኋል?

በዚያ ምሽት ሺኖ ከምድጃው ማዶ ተቀመጠች።

«ወጥቼ አላየሁም ብለህ ለእናቴ ንገራት። ሌላ አልፈልግም።»

«ከሥራ ያባርሩኛል፣ ሺኖ።»

«እኔን ከሰው ልብ አባረሩኝ። ነገ ባቡሩ ሳይመጣ ንገራት።»

ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። የእናቲቱ ቤት ከሐዲዱ ማዶ ነው። በጉሙ ውስጥ ብቻውን ሄደ። ሐዲዱ መሀል ሲደርስ ቆመ። አሥራ አንድ ዓመቱን አሰበ፣ የሚወስዱበትን የሥራ ቆብ አሰበ። «ነገ እነግራታለሁ» አለ። ሊመለስ ዞረ።

እግሩ ተቀረቀረ።

ሳበ፤ አልወጣም። ዋሻው ውስጥ ባቡሩ ሲያጓራ ሰማ። ያን ጊዜ ከጣቢያው፣ ከምድጃው ዳር፣ አንድ ድምፅ መጣ። የሞቀው፣ እንቅልፍ የያዘው ድምፅ። የራሱ የጌንዞ ድምፅ።

«ሐዲዱ ላይ ማንም የለም።»

«አለሁ» ብሎ ጮኸ። «አለሁ፣ አለሁ።»

ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጅ አረንጓዴውን ፋኖስ በመስኮት አወጣ።

ራሱ ገባበት ተብሎ ተጻፈ። ቀብሩ ላይ የቆመችው አንዲት አሮጊት ብቻ ነበረች። ሣጥኑ ላይ የተቀመጠውን የጠቆረ ጓንቱን አየች፤ የልጇን እጅ አወቀች። አላለቀሰችም።

ብቻችሁን አትሂዱ ልላችሁ ነበር። ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ቅድም በሩን ስትዘጋ «ውጭ ማንም የለም» ያልከኝ አንተ ነህ አይደል?

ወጥተህ አይተሃል?