ሁለተኛው ቀን

የጡረተኛው አስተርጓሚ የአቶ ሙሀመድዘይን አስከሬን የተገኘው ሮብ ጠዋት፣ አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል ባለው ቤታቸው ደረጃ ሥር ነው። ያገኟቸው ከኬኔሶ፣ እህታቸው ዘንድ ሰንብተው የተመለሱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ዋሲላ ናቸው። የሸሚዛቸው ኮሌታ ተቀዷል፤ ከሰው ጋር ታግለዋል።

ጥርጣሬው ያረፈው ምድር ቤቱን ተከራይቶ በራሱ በር በሚወጣ በሚገባው ሾፌር በሄኖክ ላይ ነበር። ልጃቸው ኢህሳን ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ወደ ቺካጎ በርሯል፤ ሟቹ ደግሞ ማክሰኞ በሕይወት እንደነበሩ ደብተራቸው ይናገራል። ጎረቤታሞቹ የአውሮፓ ሕዝቦች የሳምንቱን ቀናት እንዴት እንደሚሰይሙ የሚያነጻጽሩበት ደብተር ነው፤ በየጠዋቱ የዕለቱን ስም በአንድ ቋንቋ ይጽፉበታል። ሰኞን በስፓኒሽ «ሉኔስ» ይላል፤ ማክሰኞን በፖርቱጋልኛ «ሴጉንዳ ፌይራ»።

መርማሪዋ ሄራን ገጹን ደጋግማ አየችው።

«ሰኞ የት ነበርክ?» አለችው ሄኖክን።

«ኮሌጅ ፓርክ። እስኪነጋ ፓሴንጀር ሳመላልስ ነበር፤ አፑ ላይ አለ።»

«ማክሰኞስ?»

«ምድር ቤት ተኝቼ ዋልኩ። እህቴ፣ አለቀልኝ አይደል?»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዋሲላን፣ ሄኖክንና መርዶ ሰምቶ የተመለሰውን ኢህሳንን ሳሎን ሰበሰበች።

«ኢህሳን፣ ‹ሴጉንዳ› ምን ማለት ነው?»

«‹ሁለተኛ›። ማክሰኞ ነው፣ ዩ ኖ፣ ከሰኞ ሲቆጠር። አባቢ ነግሮኛል።»

«እንዲያ የሚቆጥሩት ፖላንዶች ናቸው። ፖርቱጋሎች እንደኛው ከእሁድ ይጀምራሉ፤ ሁለተኛቸው ሰኞ ነው። የኛም ‹ሰኞ› ከግዕዙ ‹ሰኑይ› የመጣ ነው፤ ሁለተኛ። አባትህ ይህንን ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈውበታል፤ አይሳሳቱም። የማክሰኞውን የጻፈው ሌላ ሰው ነው።»

«ሄኖክ ይሆናላ!»

«ሄኖክ ሰኞ እዚህ አልነበረም። ሰኞ ሞቱ ቢባል ነጻ ነው። ማክሰኞን መፍጠር የሚበጀው ማክሰኞ አትላንታ ላልነበረ ሰው ነው።»

ኢህሳን እጆቹን ተመለከተ።

«ፑሽ ያደረግኩት አንዴ ብቻ ነው። ‹የገዛ ቋንቋህን እንኳ አታውቅም› ብሎ ሳቀብኝ።»

«ወዲያው ነው የሞቱት?» አሉ ወይዘሮ ዋሲላ። ሄራን የሐኪሙን ሪፖርት አንብባለች፤ ከወደቁ በኋላ ለሰዓታት ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር።

ልጁ መለሰ፦ «ደብተሩ ላይ ስጽፍ… ይጠራኝ ነበር።»

እናቱ ተነሥተው ጃኬቱን አቀበሉት። ፊቱን አላዩትም። «ውሰጂልኝ» አሏት ሄራንን።

ሄራን ልጁን መኪና ውስጥ አስገብታ፣ ከቤቱ የሚወጣ ለቅሶ ጠብቃ ጥቂት ቆመች። ምንም አልተሰማም።