በላላ ጎማ ተራራ መውረድ

መሪው መንቀጥቀጥ የጀመረው ጉም መንገዱን በዋጠበት በተራራው አናት ላይ ነው። ሾፌሩ ጨምድዶ ያዘው እንጂ አልቆመም። ዝናቡ መስታወቱን ይገርፋል፣ ጭቃው ጎማውን ይጎትታል፣ በግራ በኩል ደግሞ መጨረሻው የማይታይ ገደል አፉን ከፍቷል። ወገቡ ከድካም ብዛት የራሱ አልመስል ብሎታል። ከተራራው ማዶ ባለው ከተማ ሚስቱ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሆስፒታል ተኝታለች። ሐኪሞቹ «ነገ በኦፕራሲዮን እናዋልድሻለን» ቢሏት፣ «እናቴን ሳላይ አልገባም» ብላለች። እናትየው አሁን ከጎኑ ተቀምጠዋል።

«ምንድነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጠን?» አሉ።

«መንገዱ ነው፣ እማማ።»

መንገዱ እንዳልሆነ ያውቃል። መኪናዋ ከሰርቪስ የወጣችው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው፤ የሠራት ደግሞ የአማቱ አንድያ ወንድ ልጅ፣ የሚስቱ ወንድም። ሾፌሩ የጎማ ብሎን በራሱ እጅ ሳያጠብቅ ከጋራዥ ወጥቶ አያውቅም ነበር። የዚያን ጠዋት ግን አማቱ ሻንጣቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመው ነበርና፣ ልጃቸውን የጠረጠረ እንዳይመስል ይሉኝታ ያዘው። «እጅህ ይባረክ» ብሎ ተነሳ።

ቁልቁለቱ ሲጀምር መኪናዋ ወደ ግራ ጎተተች። ከሥር አንድ ነገር ቋ አለ። ፍሬን ረገጠ፤ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። ማርሽ ቀነሰ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ሞተሩ እያጓራ ፍጥነቷ ረገበ እንጂ መኪናዋ አልቆመችም።

ኩርባው ላይ የዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ሞልቶ ተቀምጧል። ክላክስ ሲያሰማ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ተበተኑ። አንድ ጎፈሬያም አውራ ግን ጥርሱን አግጦ ንቅንቅ አልል አለ። ሾፌሩ ጎማውን ወደ ቦዩ ጠርዝ አስገብቶ ለጥቂት አለፈው። አውራው ዞር ብሎም አላየው።

«በመቆም እንኳ ዝንጀሮው ከአንተ ይሻላል» አሉ አማቱ፤ ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ፍሬን የለንም አይደል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ልጄ።»

«የለንም፣ እማማ።»

ወዲያው ከታች ግንድ የጫነ መኪና እያቃሰተ ብቅ አለ። መንገዱ ሁለት አያሳልፍም። ባለግንዱ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ወደ ኋላ በል! ጭነት ይዣለሁ!»

«ፍሬን የለኝም!»

«እሱ የራስህ ጉዳይ ነው!»

«እማማ፣ ወደ እኔ ይጠጉ!» አለና መሪውን ወደ ተራራው ግድግዳ ሰበረ። ብረት ከአለት እየተፋጨ ጮኸ፣ በሩ ተጨማደደ፣ መስታወቱ ረገፈ። መኪናዋ ከግንድ ጫኙ አፍንጫ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች።

ባለግንዱ ሊሳደብ ወርዶ፣ የፊተኛውን የግራ ጎማ ሲያይ ስድቡን ዋጠው። ብሎኖቹ ግማሾቹ የሉም፣ የቀሩትም በጣት ይዞራሉ። የተወላገደው ጎማ የፍሬኑን ቱቦ በጥሶታል።

«ማነው እንዲህ የሠራልህ?»

ሾፌሩ ወደ ጎማው አጎነበሰ።

«የእኔ ልጅ ነው» አሉ አማቱ።

ባለግንዱ መፍቻውን አመጣ። ከሌሎቹ ጎማዎች አንድ አንድ ብሎን ነቅሎ ለላላው አሰረለት፣ የተበጠሰውን ቱቦ አጥፎ በሽቦ ጠፈረው፣ ከራሱ የፍሬን ዘይት ጨመረለት። በቀሩት ጎማዎች ፍሬን እየታገዙ፣ በሰው እርምጃ ወረዱ።

ጀምበር ሳትጠልቅ ሆስፒታሉ ግቢ ደረሱ። ሾፌሩ ከወንበሩ ለመነሳት አቅም አጣ። ስልኩ ጮኸ፤ የሚስቱ ወንድም ነው።

«እንዴት ናት መኪናዋ?» ድምፁ ለአማቱም ይሰማል።

ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሰላም ናት» ይል ነበር። የዚያን ዕለት ለይሉኝታ የሚሆን ጉልበት አልተረፈውም።

«እናትህን ልትገድላቸው ነበር። ብሎኑን አላጠበቅከውም።»



«መጨረሻ ላይ ሁሌ አንተ አይደለህ የምታጠብቀው?» አለ የሚስቱ ወንድም። «እኔ ያጠበቅኩትን ደግመህ ስታጠብቅ እማዬ ካየች፣ ‹ልጄን አያምነውም› ብላ ትቀየምሃለች ብዬ ለአንተ ተውኩልህ።»

አማቱ ስልኩን ከእጁ ነጠቁት።

«አንተም ስማ፣ አንተም ስማ! ሁለታችሁም እኔን አከበርን ብላችሁ ልትገድሉኝ ነበር። ከእንግዲህ ከፈለጋችሁ ተጣሉ፣ ተሰዳደቡ፤ ብቻ ብሎን አጥብቁ!»

ስልኩን ጭኑ ላይ ጥለው፣ ሻንጣቸውን አንስተው ወደ ልጃቸው ገቡ። ሾፌሩ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ሰው ቢያየውም ግድ አልሰጠውም።