ለሀያት «ወዬ» ያልኩበት መግሪብ

ጅን ምናምን የሚሉ ሰዎችን ፊት ለፊት የምሰድብ ሴት ነኝ፣ ልጆቹ እንኳ «እትዬ፣ ጣራው ላይ የሆነ ነገር አለ» ሲሉኝ «አይጥ ነው፣ ተኙ!» ብዬ መብራቱን አጠፋባቸዋለሁ፣ ስለዚህ ይህን የማወራችሁ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ።

ከሚሴ ውስጥ ወላጅ ያጡ ሴት ልጆች የሚያድጉበት ቤት ሞግዚት ነኝ። አንድ ደንብ ነበረኝ፣ ማንም «እማዬ» ብሎ እንዳይጠራኝ፣ ነገ ዘመድ መጥቶ ሲወስዳቸው ለነሱም ለኔም መከራ ነው። እኔን «እትዬ» ይሉኛል፣ ስጠራቸው «አቤት» ይላሉ፣ አለቀ። የዘጠኝ ዓመቷ ሀያት ግን አልሰማ አለች፣ «እማዬ» ትለኝና እንደ እናት «ወዬ» እንድላት ዓይን ዓይኔን ታያለች፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ታናድደኝ ነበር። አጎቷ በመኪና ሰዓታት ወደሚያስኬደው ወደ ባቲ ሊወስዳት የመጣ ቀን እንኳ፣ መኪናው ውስጥ ሆና «እማዬ!» ስትል ፊቴን አዞርኩባት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ መግሪብ ላይ፣ ልጆቹ ሁሉ በረንዳው ላይ ሶላት ላይ ሆነው እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ ከገመድ ሳወርድ፣ መጀመሪያ የበሩ ቆርቆሮ ኮሽ አለ፣ ቀጥሎ የነጠላ ጫማ ኮቴ፣ ከዚያ «እማዬ»። እመኑኝ፣ የሀያት ድምፅ ነው። በሩን ከፈትኩ፣ መንገዱ ባዶ። ስዘጋው «እማዬ» አለች፣ አሁን ከጀርባዬ፣ ከተሰጣው አንሶላ ወዲያ። አንሶላውን ገፈፍኩት፣ ማንም የለም። ሦስተኛውን ጆሮዬ ስር ስትለኝ ንዴት አነቀኝና «ወዬ! ይኸው አልኩሽ፣ ነይ እንግዲህ፣ ነይ ውጪ!» ብዬ ጮህኩ። በፍቅር እንዳይመስላችሁ፣ ባገኛት ልመታት ነበር። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ።

የማታው ሶላት፣ ኢሻ፣ ሳይደርስ አጎቷ ደወለ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቱን የት ወሰድሻት?»

«እኔ ከሚሴ ነኝ፣ ምን ሆነች?»

«‹እማዬ ወዬ አለችኝ፣ ነይ አለችኝ› ብላ እየሳቀች ወጣች፣ በሩ ጋ ስደርስ የለችም!»

«ልጅ አይደለች፣ መስሏት ይሆናላ፣ እኔ እዚህ ሆኜ...»

«አትዋሺ! ‹ነይ ውጪ› ስትያት፣ ወላሂ ድምጥሽን እኔም ሰምቻለሁ!»

በነጋታው ባቲ ሄድኩ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ቆላውን አሰስን፣ ገበያተኛውን አንድ በአንድ ጠየቅን፣ እስከ ዛሬ የለችም። አጎቷ ከሰሰኝ፣ ልጆቹ ከግቢው ንቅንቅ እንዳላልኩ መስክረውልኝ ተለቀቅኩ፣ እውነታቸውን ነው፣ ንቅንቅ አላልኩም። ታዲያ ያቺ ልጅ «እናቴ ናት» ብላ፣ እየሳቀች፣ ማንን ነው የተከተለችው?